ኤስኬኤስ ለመሰብሰብ፦ የሩሲያው፣ የቻይናው ወይስ የዩጎዝላቪያው?

አሜሪካ ውስጥ የቆዩ የጦር ጠመንጃዎችን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ኤስኬኤስ ላይ ያርፋል። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፈው፣ ሶቪየት ኅብረት በ1949 ለሠራዊቷ የተቀበለችው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጥይቱ ክላሽ የሚጎርሰው ያው 7.62 በ39 ነው። ካዝናው ከጠመንጃው ጋር የተያያዘ ሲሆን 10 ጥይት ይይዛል። ሳንጃውም ከአፈሙዙ ሥር ታጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይነቀልም። ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይወጣል።

ለብዙዎቻችን ስሙ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን ከሶቪየት መሣሪያ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። «ሲሚኖቭ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ ውስጥ የጦር መሣሪያ ባዛር ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲያየው ቆም ማለቱ አይቀርም። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። የሩሲያ አለ፣ የቻይና አለ፣ የዩጎዝላቪያ አለ። አልፎ አልፎ የሩማኒያና የአልባኒያም ይገኛል። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። ሻጩም ሁሌ እውነቱን አይነግራችሁም፤ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ አያውቀውም።

ወደ አገሮቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ለሰብሳቢ ትልቁ ዋጋ ማንም ያልነካው ጠመንጃ ነው። እንጨቱ የራሱ፣ ሳንጃው የራሱ፣ ካዝናው የራሱ፣ ቁጥሮቹም ከፋብሪካ የወጡት ከሆኑ፣ ከየትም አገር ይምጣ ጥሩ ግዢ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ሰደፍ የገባለት፣ 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና የተሰካበት፣ መነጽር ለመግጠም ብረቱ የተበሳ ከሆነ ግን የታዋቂው የሩሲያ ፋብሪካ የቱላ ኮከብ ቢኖረውም ለስብስብ አይሆንም። ስለዚህ «የትኛው አገር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው «ከየትኛው አገር ያልተነካ አገኛለሁ?» ወደሚለው ይመለሳል። መልሱም እንደየአገሩ ይለያያል።

የሩሲያው

ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ምንጩ ይሄ ነው። ሶቪየት ውስጥ ኤስኬኤስን የሠሩት ሁለት ፋብሪካዎች ናቸው፤ ቱላ እና ኢዠቭስክ። ቱላ በ1949 ጀመረ፤ ኢዠቭስክ የሠራው በ1953 እና በ1954 ብቻ ነው። የቱላ ምልክት ውስጡ ቀስት ያለበት ኮከብ ነው፤ የኢዠቭስኩ ደግሞ ውስጡ ቀስት ያለበት ሦስት ማዕዘን። ምልክቱንና ዓመቱን ከላይ በሚከደነው የብረት ሽፋን ላይ ታገኙታላችሁ። ከ1956 በኋላ የተሠሩት የመጨረሻዎቹ የቱላ ጠመንጃዎች ግን ሽፋናቸው ላይ ዓመት የለም። ከተከታታይ ቁጥራቸው ጎን አንድ የሩሲያ ፊደል ተመትቶባቸዋል። ሰብሳቢዎች እነሱን በተለየ ዓይን ያያሉ።

በዓመት ካየናቸው የ1949ኙ አንደኛ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሳንጃውም እንደ ኋለኞቹ ስለት ያለው ሳይሆን እንደ ወፍራም መርፌ የሾለ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የኢዠቭስክ የ1953 ምርት ከቱላ እኩዮቹ ያንሳል፤ ስለዚህ ተፈላጊ ነው። የ1951፣ የ1952 እና የ1954 ቱላ እንደ ልብ ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ግዢ በዓመት መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሁኔታው ላይ አተኩሩ።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር እድሳት ነው። ሶቪየት ጠመንጃዎቿን ወደ መጋዘን ከመክተቷ በፊት በወታደራዊ ማደሻ ውስጥ አሳልፋቸዋለች። የታደሰው ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ይኖረዋል፤ መሐሏን ሰያፍ መስመር ያቋርጣታል። ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቱን አስገብቶ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት፣ እና ተሸካሚው ጠቁረው ይገኛሉ። ሰደፉ ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሳይታደስ የቀረው ግን ቦልት ተሸካሚው ነጭ ብረት እንደሆነ ይቆያል፤ እንጨቱም ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ነው።

ቁጥሮቹም ይናገራሉ። ሽፋኑ፣ ቦልቱ፣ ተሸካሚው፣ የምላጩ ክፍል፣ ካዝናውና ሰደፉ ላይ ያለው ቁጥር ዋናው አካል ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ማደሻው ክፍል ሲቀይር የድሮውን ቁጥር በመስመር ሰርዞ አዲሱን ይመታ ነበር፣ ወይም በኤሌክትሪክ ብዕር ይጽፍ ነበር። ሻጩ «ቁጥሩ ሁሉ ይገጥማል» ሲላችሁ አይዋሽም ይሆናል። ግን በፋብሪካ የገጠመና በማደሻ የተገጣጠመ አንድ ዋጋ አይደሉም። ቁጥሮቹን አስጠግታችሁ እዩ። የፋብሪካው አመታት ጥልቅና ወጥ ነው፤ በብዕር የተጻፈው ጭረት ይመስላል።

የታደሰ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እድሳቱም የጠመንጃው ታሪክ አካል ነው፣ የሠራው ራሱ ሠራዊቱ ነውና። ባለቤቱ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ካደረገው ለውጥ ጋር አይወዳደርም። እንዲያውም የታደሰ ሩሲያዊ ብዙ ጊዜ የአፈሙዙ ውስጥ ንጹሕ ነው፤ ለመተኮስም ደስ ይላል። የታደሰውን ባልታደሰው ዋጋ እንዳትገዙ ብቻ ነው የምላችሁ።

አብዛኛው የሩሲያ ኤስኬኤስ አሜሪካ የገባው በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ነው። ዋጋው በየዓመቱ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየሁም።

የቻይናው

የቻይናው «ታይፕ 56» ይባላል። ቻይና በሶቪየት እርዳታ በ1956 ማምረት ጀመረች፤ በሚሊዮን የሚቆጠርም ሠራች። በጣም የሚታወቀው ምልክት በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ 26 ቁጥር ነው፤ የጂያንሼ ፋብሪካ ነው። ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎችም ሠርተውታል፤ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የበለጠ ማንበብ የሚጠይቀው ይሄ ነው። ብዙ ሰው «የቻይና ርካሽ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ስለነበር ስሙ እንደዚያው ቀረ። በግንቦት 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የቻይና ጠመንጃና ጥይት እንዳይገባ ከለከሉ። ከዚያ በኋላ የተረፈው በእጅ ያለው ብቻ ሆነ። ርካሽ ስለነበር ደግሞ ሰው ያለ ርኅራኄ ቀያየረው። ዛሬ የፋብሪካ መልኩን እንደያዘ የቆየ ቻይናዊ ኤስኬኤስ ማግኘት ሰው ከሚገምተው በላይ ከባድ ነው።

«የቻይና» በሚለው ስም ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው እውነተኛ የሠራዊት ጠመንጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ክፍሎችን ጭምር ይዘው የተሠሩ ናቸው፤ የቱላን የኋለኛ ምርቶች በጣም ይመስላሉ። ሳንጃቸው ስለት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቻይና ወደ ሾለ ሳንጃ ዞረች። ስለዚህ ባለስለት ሳንጃ ቻይናዊ ስታዩ ቀደም ያለ ምርት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ፤ ረጋ ብላችሁም ተመልከቱት። ምናልባት ሻጩ ራሱ ያላወቀው ይሆናል። የሠራዊቱ ምርት አፈሙዙ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ክሮም ተለብጧል፤ አፈሙዙም ከዋናው አካል ጋር በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ ነው።

ሁለተኛው ለአሜሪካ ሲቪል ገበያ ተብሎ የተሠራው ነው። ኖሪንኮ የሚል የቻይና መንግሥት የጦር መሣሪያ ኩባንያ ስም ይኖረዋል። ከእነዚህ መካከል አፈሙዛቸው ተጠምዝዞ ሳይሆን ተጨፍልቆ ገብቶ በፒን የተያዘ አሉ። አፈሙዙ ወደ 16 ኢንች ተኩል ያጠረ፣ «ፓራትሩፐር» የተባለም አለ። ስሙ ቢያምርም የየትኛውም ሠራዊት ፓራሹተኛ አልያዘውም፤ ለገበያ የተሰጠ ስም ነው። ከፋብሪካው ጀምሮ የክላሽ ካዝና የሚቀበሉ «ኤስኬኤስ ኤም» እና «ኤስኬኤስ ዲ» የተባሉም አሉ። የእነዚህ ዋጋ በጣም ከፍ ብሏል። የሚፈልጋቸው ሰብሳቢ አለ፤ የሠራዊት ታሪክ የሚፈልግ ግን ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውል። አንዳንዶቹም በጊዜው የማስገቢያ ሕግ ምክንያት ያለ ሳንጃ ገብተዋል። እነዚህ ከመጀመሪያው እንዲሁ ስለነበሩ የተነካኩ አይባሉም።

ሦስተኛው ከቬትናም የመጣው ነው። የአሜሪካ ወታደር የማረከውን ክላሽ ሙሉ አውቶማቲክ ስለሆነ ይዞ መመለስ አይፈቀድለትም ነበር። ኤስኬኤስ ግን ከፊል አውቶማቲክ ነውና በወረቀት ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ ቤተሰብ ቤት አያት ያመጣው ታይፕ 56 አለ። የአስመጪ ድርጅት ስም የለበትም፤ ምክንያቱም ያ ምልክት የመጣው በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ለንግድ ለሚገቡ ጠመንጃዎች ነው። የመማረኪያ ወረቀቱ አብሮት ካለ ዋጋው ሌላ ደረጃ ላይ ይወጣል። ወረቀት ከሌለው «ከቬትናም የመጣ ነው» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ለቃል ደግሞ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። አፈሙዙንና የዋናውን አካል ጎን በጣታችሁ ዳስሱ። ተፋቅቆ እንደገና የጠቆረ ቦታ ካለ፣ የአስመጪው ስም ጠፍቶ የተፈበረከ ታሪክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ትታችሁ ሂዱ።

የዩጎዝላቪያው

ለጀማሪ እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው ይሄንን ነው። ሰርቢያ ውስጥ ክራጉየቫትስ በሚገኘው የዛስታቫ ፋብሪካ ተሠራ። የመጀመሪያው «ኤም 59» ከሩሲያው ብዙም አይለይም። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ያለው ግን «ኤም 59/66» ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቦምብ ማስወንጨፊያ ተጨምሮበታል። ለእሱ የሚሆን ተገልባጭ ማነጣጠሪያም አለው። ከእሱም ጋር ጋዙን የሚዘጋ ቁልፍ አለ። በዚህ ምክንያት ርዝመቱ ከሩሲያው በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ክብደቱም ከ4 ኪሎ ያልፋል። የሩሲያው 3.85 ኪሎ አካባቢ ነው። ልዩነቱን ትከሻችሁ ላይ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቹ ለሌሊት የሚገለበጥ ተጨማሪ ማነጣጠሪያ አላቸው፤ ብርሃኑ ግን በዕድሜ ብዛት ጠፍቷል።

ለምን እሱን? ብዙዎቹ የገቡት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። የገቡትም እንደነበሩ፣ ከነወፍራም ቅባታቸው ነው። የሰው የመቀያየር አባዜ ደርሶባቸው የነበረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ቁጥራቸው በሙሉ የሚገጥም፣ እንጨታቸው የራሳቸው የሆነ ዩጎዝላቪያዊ ማግኘት አይከብድም። ዋጋውም ከሩሲያው ያነሰ ነው።

ድክመቱ አፈሙዙ ውስጥ ነው። ክሮም የለውም። በዩጎዝላቪያ የተሠራው የድሮ የሠራዊት ጥይት ደግሞ ማቀጣጠያው ጨው የሚተው ዓይነት ነው። ያንን ተኩሶ ያላጸዳ ባለቤት ካለፈ ውስጡ በዝገት ተበልቷል። ስለዚህ የዩጎዝላቪያውን በእጅ መብራት ሳታዩ አትግዙ። የአፈሙዙ የውስጥ ጠመዝማዛ ጥርሶች ጥርት ብለው ብረቱ ካበራ ውሰዱት። ጥቁርና የተቦረቦረ ከሆነ ብዛቱ ስላለ ሌላ ታገኛላችሁ።

ሌላው ችግር የጋዝ ቁልፉ ነው። ሲያረጅ ጋዝ ያፈስና ጠመንጃው ቀለሁን ማውጣት ያቅተዋል። ከዚያ በፊት ግን ቁልፉ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ፣ ችግሩ ግን ቁልፉ ተዘግቶ መቅረቱ ብቻ የሆነ ጠመንጃ አለ።

አንዳንዱ ሰደፍ ላይ በቢላ የተቀረጸ ስም፣ መስቀል ወይም ዓመት ታገኛላችሁ። በ1990ዎቹ የባልካን ጦርነት ውስጥ ያለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። እባካችሁ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት። የአንድ ወታደር እጅ ያረፈበት ነው፤ ለሰብሳቢም ዋጋ አለው። ሰደፉን «ቆንጆ» ለማድረግ የሚደረገው ፍግፈጋ የፋብሪካና የማደሻ ማኅተሞችን ጭምር ያጠፋል። ከጠፋ አይመለስም።

የሌሎቹን ባጭሩ

የሩማኒያው «ኤም 56» ኩጂር ላይ የተሠራው ከ1957 እስከ 1960 ብቻ ነው። ከሩሲያው ጋር ክፍሎቹ ይቀራረባሉ፤ ምልክቱም ቀስት ያለበት ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ከኢዠቭስኩ ጋር የሚያምታታው ሰው አለ። ዓመቱ የሚገኘው በዋናው አካል ግራ ጎን ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ብዙው ግን በልምምድ አገልግሎ የተቧጨረ ነው።

የአልባኒያው ከሁሉም የተለየ መልክ አለው። ግራምሽ ላይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተሠራ። የላይኛው የእጅ መያዣ እንጨት ይረዝማል፤ የቦልቱ መሳቢያ እንደ ክላሽ ነው። የሰደፉ ጫፍ ላይ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ሳይሆን ሁለት መክፈቻ አለው። የተሠራው ጥቂት ነው። ካገኛችሁና እንጨቱ ካልተሰነጠቀ አታመንቱ።

የምሥራቅ ጀርመኑ ከአፈሙዙ ሥር የጽዳት ዘንግ የለውም፤ ሰደፉም ማንገቻው የሚያልፍበት ስንጥቅ አለው። ብርቅ ነው፤ የሰሜን ኮሪያና የቬትናም ምርቶችም እንዲሁ። ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ የተፈበረከውም የሚበዛበት ስለሆነ ለመጀመሪያ ግዢ አልመክራቸውም።

ስለ ሕጉ

ይህንን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ። በፌዴራል ሕግ ከ50 ዓመት በላይ የሆነውና ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው ጠመንጃ የሰብሳቢ ቅርስ ተብሎ ይያዛል። ለዚህ የሚሆን የሰብሳቢ ፈቃድ አለ። ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን ለ3 ዓመት ያገለግላል። ፈቃዱ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ከሌላ ስቴት ጭምር በቀጥታ ወደ ቤቱ ማስመጣት ይችላል፤ የገባውንና የወጣውን ግን በመዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። «ከፋብሪካ እንደወጣ» የሚለውን ልብ በሉ። ከውጭ የገባን ኤስኬኤስ በፕላስቲክ ሰደፍና በሚነቀል ካዝና ስትቀይሩት የቅርስነት መብቱን ያጣል። ከዚያም ከተዘረዘሩት 20 ክፍሎች ውስጥ ከ10 በላይ የውጭ አገር ሥሪት እንዳይሆኑ የሚከለክለው የፌዴራል ደንብ ሥር ይወድቃል። እንግዲህ ሕጉም ያልተነካውን ነው የሚመርጠው።

የስቴት ሕግ ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል። ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ «የሚነቀል ካዝና ያለው ኤስኬኤስ» ብለው በስም ጠቅሰው ከልክለዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ፣ ቨርጂኒያ ባዛር ላይ ያያችሁትን ከመውደዳችሁ በፊት የሜሪላንድን ሕግ አንብቡ። የዩጎዝላቪያው ማስወንጨፊያም በአንዳንድ ስቴት ችግር ያመጣል። በዚህ ምክንያት ማስወንጨፊያው ተቆርጦ የወጣለት 59/66 ገበያ ላይ አለ፤ ለሰብሳቢ ግን ግማሽ ዋጋውን ጥሏል።

የስደት ሁኔታችሁም ወሳኝ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ አይችልም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ካልተቋጨ ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ እንዳትነኩት። ጓደኛ «በስምህ ግዛልኝ፣ ብሩን እሰጥሃለሁ» ቢላችሁ እምቢ በሉ። የመግዣው ፎርም እውነተኛው ገዢ እናንተ እንደሆናችሁ ይጠይቃል፤ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። ዕዳው ለአንድ ስደተኛ ከእስር አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ ስለመግባትማ ማሰብም አያስፈልግም። ከአሜሪካ ለማውጣት የኤክስፖርት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ (ይሄ 2012 ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)።

ታዲያ የትኛውን?

በመጠነኛ ገንዘብ አንድ ብቻ መያዝ ለሚፈልግ፦ አፈሙዙ ንጹሕ የሆነ፣ ቁጥሩ የሚገጥም 59/66። ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ትንሽ ጨምሮ ታሪኩን ከምንጩ መያዝ ለሚፈልግ፦ ያልታደሰ ቱላ ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ በግልጽ የታደሰ ቱላ በታደሰ ዋጋ። በ1951 እና በ1954 መካከል ያለው ዓመት ብዙ ልዩነት አያመጣም። በደርግ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ያዩትን ጠመንጃ ማስታወሻ ለሚፈልግም ቅርቡ የሩሲያው ነው።

ማንበብና መጠበቅ ለሚወድ፦ የቻይናው። ምልክቶቹን ያጠና ሰው ሌላው ንቆ ያለፈውን የመጀመሪያ ዘመን ታይፕ 56 በተራ ዋጋ ሊያነሳ ይችላል። በሌሎቹ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል የለም ማለት ይቻላል። ያላጠና ሰው ግን በዚሁ ገበያ የተገጣጠመ ነገር በቅርስ ዋጋ ይሸጥለታል።

በነገራችን ላይ አባቱ ወይም አያቱ ኮሪያ የዘመተ ሰው ኤስኬኤስን ከመግዛቱ በፊት ኤም 1 ጋራንድን ይይ። የቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነው፤ ጋራንድ ከእነዚያ አንዱ ነው። እሱም ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ እንደ ኤስኬኤስም ብዙ ቅርስ ሰብሳቢ አለው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የበለጠ ትርጉም ያለው እሱ ይመስለኛል።

ከገዛችሁ በኋላ

ከመተኮሳችሁ በፊት ቦልቱን ፈታችሁ አውጡ። ከጥቂት የመጀመሪያ ሩሲያዊ ምርቶች በቀር የኤስኬኤስ መምቻ መርፌ ስፕሪንግ የለውም፤ በቦልቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ቦልቱን ጆሯችሁ አጠገብ ይዛችሁ ነቅንቁት። መርፌው ያለ እንቅፋት ሲመላለስ ድምፁ ይሰማል። ካልተሰማ በድሮ ቅባት ተጣብቋል ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። መርፌው ወደፊት ወጥቶ ከተጣበቀ ቦልቱ ሲዘጋ ምላጭ ሳይሳብ ጥይቱን ይመታዋል፤ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ካዝናው እስኪያልቅ ሊተኩስ ይችላል። ቦልቱን በሙሉ ፈታታችሁ ቅባቱን በሚያሟሟ ፈሳሽ እጠቡ፤ መርፌውና ቀዳዳው እስኪደርቁና ነጻ እስኪሆኑ አትግጠሙት። እያንዳንዱ መጋዘን የቆየ ጠመንጃ ይህ ይደረግለታል፤ የሸጠላችሁ ሰው «ታጥቧል» ቢልም ራሳችሁ ድገሙት።

የመጀመሪያ ቀን ተኩስ ሜዳ ላይ ካዝናው ውስጥ ሁለት ጥይት ብቻ አስገቡ፤ አፈሙዙንም ወደ ዒላማው ብቻ አድርጉ። ሁለቱ በየተራ፣ በምላጭ ብቻ ከወጡ ቀጥሉ። የድሮ የሠራዊት ጥይት ከተጠቀማችሁ በዚያው ቀን አፈሙዙን፣ የጋዝ ቱቦውንና ፒስተኑን በሙቅ ውኃ እጠቡ፤ ጨዉን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም። ከዚያ አድርቃችሁ ስስ ዘይት ቀቡ። ከ2021 ጀምሮ አሜሪካ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ስላቆመች የ7.62 በ39 ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። ለመተኮስ ጭምር የምትገዙ ከሆነ የጥይቱንም በጀት አብራችሁ ያዙ።